ከባሕሩ መብራት እስከ ሐረጎ ዳገት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች የብርድና የጭጋግ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ከሐረጎ ዳገት ግርጌ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች። ሁለቱን የሚያገናኘው የቦርከና ወንዝ ወርዶ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ወንዙ ያልደረሰበትን ባሕር ግን መንገድ ደርሶበታል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወርዶ አሰብ የሚገባው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻን የደጋ ከተሞች ናቸው ብሎ የሚያልፋቸው ሰው ታሪካቸውን በግማሽ ነው የሚያውቀው። ሌላው ግማሽ ያለው ቀይ ባሕር ዳር፣ መርከብ በሌሊት መንገዷን በሚያሳዩዋት መብራቶችና በአሰብ ወደብ ላይ ነው።

የቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ለመርከበኛ ክፉ ሥፍራ ነበር። ከውኃው በላይ ራቁታቸውን የወጡ የእሳተ ገሞራ ደሴቶች አሉ፤ ከውኃው በታች ደግሞ በቀን እንኳ ለማየት የሚያስቸግሩ የኮራል ቋጥኞች ተደብቀዋል። ወደ ባብ ኤል መንደብ በቀረበ ቁጥር ባሕሩ ይጠብባል፣ ነፋሱም ይበረታል። እንግሊዞች በ1849 ዓ.ም. በሰርጡ አፍ ላይ ያለችውን ፔሪም የተባለች ደረቅ ደሴት ያዙና በ1853 ዓ.ም. የባሕር መብራት ማማ ሠሩባት። ያን ጊዜ የሱዌዝ ቦይ ገና በቁፋሮ ላይ ነበር። እንግሊዞች የሚያስቡት ለሕንድ መንገዳቸው እንጂ ለሐበሻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያ ማማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጥቂት እንደተጓዙ የሚገኘው የአፋር ጠረፍ ብዙም ሳይቆይ የሌሎችን ዓይን ሳበ።

ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ቀድሞ ሚሲዮናዊ የነበረ ሰው፣ በኅዳር 1862 ዓ.ም. አሰብ ላይ ከሁለት የአካባቢው ባላባት ወንድማማቾች ጋር ውል ተፈራረመ። በ6,000 ማርያ ቴሬዛ ብር መሬት ገዛ። የሱዌዝ ቦይ በይፋ የተከፈተው ከዚህ ውል በሁለተኛው ቀን ነው። ገዢው በስም የጄኖዋው የሩባቲኖ መርከብ ኩባንያ ሲሆን ከጀርባው ግን የጣሊያን መንግሥት ነበረበት። በ1874 ዓ.ም. ኩባንያው መሬቱን ለመንግሥት አስረከበና አሰብ የመጀመሪያዋ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ሆነች። መርከብ ሲያርፍባት ከሰል የሚሞላባት አንዲት የአሸዋ ዳርቻ ናት ተብላ የተገዛች ቦታ በኋላ የስንቱን ሕዝብ ዕጣ እንደወሰነች ሳስብ፣ ያ 6,000 ብር ከአፍሪካ ቀንድ ግዢዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል።

ጠረፉን መግዛትና ወደ ደጋው መውጣት ግን ለየቅል ነበሩ። መካከሉ የአፋር ምድር ነው፤ የአፋር ምድርም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይታለፍም። ለግብፅ ያደረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጦር ይዞ ገብቶ አውሳ ውስጥ ከነጦሩ አለቀ። ጁሊየቲ የተባለው ጣሊያናዊ በ1873 ዓ.ም. ከነባልደረቦቹ ተገደለ። ሌላው ጣሊያናዊ ቢያንኪ ደግሞ ከደጋው ወደ አሰብ ለመውረድ ሲሞክር በ1877 ዓ.ም. ሕይወቱ አለፈ። መንገዱን የከፈተው በሰላም የመጣው ነው። ጣሊያናዊው ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1875 ዓ.ም. ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፋሬ ጋር ተዋውሎ በሱልጣኑ ጥበቃ የግመል ጓዙን እየነዳ ሸዋ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው በአሰብ ወደ ምኒልክ ይወጣል፣ የደጋው ሸቀጥም ይወርዳል።

በዚያው ዘመን ደጋው ላይ ሌላ ታሪክ ይሠራ ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ካካሄዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ ላይ ሰፈሩ፤ ሰፈሩም ከተማ ሆነ። የወሎው ገዢ ራስ ሚካኤል በኋላ መናገሻቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አምጥተው አይጠየፍ የተባለውን የግብር አዳራሽ አሠሩ። ከደሴ ወደ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ይህ አንቶኔሊ በአሰብ በኩል የመጣው ሰው ራሱ ነው። አሰብ በተገዛች በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ የባሕሩ ጉዳይ ወሎ ደጅ ደርሶ ነበር። ከውሉ ምን እንደተከተለ አድዋን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ባሕሩ ላይ መብራቱ በረከተ። ከሱዌዝ የሚመጣው መርከብ ቁጥሩ ሲጨምር የሚሰበረውም ጨመረ። ቦታው የኦቶማን ቱርክ ነው ስለሚባል፣ የኦቶማንን የባሕር መብራቶች በኮንትራት የሚያስተዳድረው የፈረንሳይ ድርጅት በ1890ዎቹ አጋማሽ አራት ማማዎችን አቆመ፤ ጀበል አል ጠይር፣ ዙበይር፣ አቡ ዓሊና ሞካ ላይ። ከሱዌዝ ወደ አሰብ የሚወርድ መርከብ መጀመሪያ ጀበል አል ጠይርን፣ ቀጥሎ ዙበይርን፣ ከዚያ አቡ ዓሊን እያየ ይመጣና የሐኒሽን ደሴቶች አልፎ ወደ አሰብ ይታጠፋል። ታጥፎ መግባቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ቢሄድ የፔሪም መብራት ይጠብቀዋል።

የዚያ ዘመን የባሕር መብራት አሠራር ቢያዩት የሚያስደንቅ ነው። ማማው አናት ላይ ያለችው የጋዝ ፋኖስ ብርሃኗ ለብቻው ሩቅ አይሄድም። ዙሪያዋን ግን በደረጃ በደረጃ የተሞረዱ የመስታወት ምስሪቶች ከበዋት የተበተነውን ብርሃን ሰብስበው አንድ ጨረር ያደርጉታል። ምስሪቶቹን የሚያዞራቸው፣ በማማው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ከባድ ብረት እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብደት ቀስ እያለ ሲወርድ ነው። ብረቱ ወለል ሳይነካ ጠባቂው ተነስቶ በእጁ እያሽከረከረ መልሶ ይሰቅለዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሥራው ይኼው ነው። ደግሞ ሁሉም መብራት በአንድ ዓይነት አይበራም። አንዱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ሌላው በረጅም ክፍተት አንዴ ብቻ ይበራል። ካፒቴኑ ሰዓቱን ይዞ ብልጭታውን ይቆጥርና መዝገቡን አይቶ የት እንዳለ ያውቃል። ጠባቂዎቹ የሚኖሩት ዛፍም ምንጭም በሌለበት ቋጥኝ ላይ ስለሆነ ስንቅና ውኃ የሚደርሳቸው በጀልባ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1907 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች መብራቶቹ ያሉባቸውን ደሴቶች ያዙ። ቱርክ ተሸንፋ በ1915 ዓ.ም. በሎዛን ውል ግዛቷን ስትለቅ የነዚህ ደሴቶች ባለቤትነት ወደፊት በሚመለከታቸው ወገኖች ይወሰን ተብሎ ታለፈ። ያ ሐረግ ከ70 ዓመት በላይ ሳይፈታ ኖረ። መብራቱ በየሌሊቱ ይበራል፣ የቆመበት ቋጥኝ ግን ባለቤቱ አይታወቅም።

ወሎ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ዘመናቸው አበቃ። የአሰብ ጉዳይ እንደገና ደሴን የነካው ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ኢትዮጵያና ጣሊያን የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ አንድ አባሪ ስምምነት ጨመሩበት። ጣሊያን አሰብ ላይ ለኢትዮጵያ ለ130 ዓመት ነፃ የወደብ ክልል ትሰጣለች፤ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ ይሠራል፤ ከጠረፉ እስከ ድንበሩ ያለውን ጣሊያን፣ ከድንበሩ እስከ ደሴ ያለውን ኢትዮጵያ ትሠራለች። ደሴ በዓለም አቀፍ ውል ላይ የባሕር በር መዳረሻ ሆና ተጻፈች።

መንገዱ ግን አልተሠራም። አዲስ አበባ ያሉት ሹማምንት ዛሬ ሸቀጥ የሚያወጣ መንገድ ነገ መድፍ እንደሚያወጣ አላጡትም። ጣሊያኖችም ሥራው ሁሉ በእጃቸው ካልገባ ብለው ተከራከሩ። ዘመናዊ መንገድ በማጣታችን የሚቆጩ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ ግን በዚህ ነገር ከሠጉት ጋር ነኝ፤ ስምንት ዓመት ሳይሞላ የሆነውን አይተናልና።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቦምቡ የቀይ መስቀልን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች የወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ከአሰብ በኩል ደግሞ ሌላ የጣሊያን ጦር የአፋርን በረሃ አቋርጦ በመጋቢት መጀመሪያ ሰርዶ ገባ። በውሉ ላይ የነበረው መንገድ ስላልተሠራ ስንቁ የሚወርድለት ከአውሮፕላን ነበር። በጎችና በሬዎች ሳይቀሩ ከነሕይወታቸው በጃንጥላ ይጣሉለት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሰሜን የወረደው ጦር ደሴን ያዘ። የማርሻል ባዶልዮ የመኪና ሰልፍ ወደ አዲስ አበባ የተነሳውም ከደሴ ነው።

ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን መጀመሪያ ካቀዷቸው መንገዶች አንዱ ያው የአሰብ መንገድ ሆነ። ምክንያታቸው ሒሳብ ነው። የምድር ባቡሩና የጅቡቲ ወደብ የፈረንሳዮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጭነት ክፍያ አለ። አሰብ ግን የራሳቸው ናት። ስለዚህ ከአሰብ ተነስቶ በማንዳ፣ በሰርዶና በባቲ አልፎ ኮምቦልቻ ላይ ከአስመራና አዲስ አበባ ዋና መንገድ ጋር የሚገናኝ ጎዳና ዘረጉ። በዚያ ሙቀት ድንጋይ የፈለጠው፣ ጠጠር የደለደለውና በወባ የወደቀው ሠራተኛ ስሙ በየትኛውም የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የለም። ከሐረጎ በላይ ያለችው ደሴ የሹማምንት ከተማ ሆና ስትቀጥል፣ ኮምቦልቻ ግን ሁለት መንገድ የሚጋጠምባት፣ ሜዳዋ ለአውሮፕላን ማረፊያም ለመጋዘንም የሚበቃ ሥፍራ ሆነች። ኮምቦልቻን ከተማ ያደረጋት ያ መገንጠያ ነው።

የዚያ መገንጠያ ዋጋ በ1933 ዓ.ም. በደም ታየ። ከደቡብ የመጣው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ኮምቦልቻን ከላይ ሆኖ በሚጠብቀው የጣሊያን መድፍ ሥር ለቀናት ተዋጋ። የኢትዮጵያ አርበኞች በተራራው በኩል እየዞሩ አገዙት። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች። ምጽዋ ከዚያ በፊት መጋቢት 30 ቀን ወድቃ ስለነበር ለጣሊያን በቀይ ባሕር የቀረላት አሰብ ብቻ ሆነች። እሷም ሰኔ 4 ቀን ከኤደን በመርከብ በመጡ የሕንድ ወታደሮች እጅ ገባች።

ከዚያ ያለው አስር ዓመት ለወደቦቹ የጥፋት ዘመን ነበር። የእንግሊዝ አስተዳደር በቀይ ባሕር ወደቦች ላይ ጣሊያን የተከለውን እየነቀለ ወሰደ፣ ሸጠ፣ አፈረሰ። ለኢትዮጵያ የቆመችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ይህን በመቃወም ፎቶግራፍ ሰብስባ እስከ መጽሐፍ ማሳተም ደርሳለች። ደጉ ነገር፣ መንገዱ የሚነቀል አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ ሲሰጥ ከፊሉ ለመንገድ ጥገና ዋለ፤ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። መስከረም 5 ቀን 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሐድ አሰብና ኮምቦልቻ በአንድ ባንዲራ ሥር ገቡ።

ቀጣዩ ዘመን የመንገዱ ወርቃማ ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። የዩጎዝላቪያ ኩባንያ አሰብ ላይ ዘመናዊ ወደብ ሠራ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መርከብ ከግድቡ ተጠግቶ በክሬን የሚያራግፍበት ሆነ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ተመሠረተ። በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ፤ በዓመት 500,000 ቶን ድፍድፍ እንዲያጣራ የታሰበ ነበር። ወሎ ውስጥ የሚነደው ነጭ ጋዝ፣ ደሴ ላይ የሚቀዳው ቤንዚን፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚራገፈው ብረት፣ ጨርቅና ስኳር በዚህ መንገድ ወጣ።

መኪናው በአብዛኛው ፊያት ነው፤ አሽከርካሪዎች «ኤንትሬ» የሚሉት፣ ተሳቢ የሚጎትት። ሾፌርና ረዳት አሰብ ላይ ጭነው ሸራውን በገመድ ጥፍር አድርገው ያስሩና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሳሉ፤ ቀን ላይ ጎማው ከሙቀቱ የተነሳ ይፈነዳል። ውኃ በጀሪካን ይያዛል፤ ግማሹ ለሰው፣ ግማሹ ለራዲያተር ነው። ቡሬን፣ ማንዳን አልፈው ሜዳውን ሲጨርሱ አዋሽን ተሻግረው ባቲ ይደርሳሉ። ባቲ ሰኞ ከሆነ መንገዱ በግመል ይሞላል፤ አፋሩ ጨውና ከብት፣ የደጋው ሰው እህልና በርበሬ ይዞ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። ከባቲ በኋላ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ ሲገባ ሾፌሩ በሙቀት አውልቆት የነበረውን ጃኬት ይለብሳል፤ ደሴ የሚራገፍ ጭነት ካለው ሐረጎን በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። በዚህ ኑሮ ዙሪያ ስንት ነገር በቀለ! ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ላሜራ ሠሪው፣ ሚዛኑ፣ ካቦውና ጭነት አውራጁ። ኮምቦልቻ ውስጥ «አባቴ አሰብ ይመላለስ ነበር» የሚል ሰው ማግኘት ዛሬም ቀላል ነው።

ወደ መብራቶቹ ስንመለስ፣ በ1954 ዓ.ም. የመርከብ ባለቤት የሆኑ መንግሥታት ለንደን ላይ ተሰብስበው የአቡ ዓሊንና የጀበል አል ጠይርን መብራቶች ወጪ ለመካፈል ተስማሙ። እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ጣሊያን፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ሌሎችም ፈረሙ። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ሞስኮና ዋሽንግተን ለሁለት ቋጥኝ መብራቶች አንድ ላይ ገንዘብ ማዋጣታቸው ባሕር ሰውን ምን ያህል እንደሚያስማማ ያሳያል። የአሰብ ማጣሪያ በተከፈተበት ዓመት ግን የስድስቱ ቀን ጦርነት ተነሳና የሱዌዝ ቦይ ተዘጋ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. አልተከፈተም። ከአውሮፓ ለአሰብ የሚጫነው ዕቃ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ነበረበት። በየብስም መከራ አልጠፋም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ በመንገዱ ላይ ያለችውን ሰርዶን አፈራርሷት ሰው ሞተ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ከሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ጋር ተጣልቶ ሱልጣኑ አገር ለቀው ሲወጡ መንገዱ በውጊያ ታወከ። ከአዋሽ በሚሌ በኩል አሰብ የሚያደርሰው አዲሱ ጎዳና ከተሠራ በኋላም የአዲስ አበባ ጭነት አብዛኛው ኮምቦልቻን ሳይረግጥ ያልፍ ጀመር። የሰሜኑ ጭነት ግን የኮምቦልቻ ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዘመን ረሃብም መጣ። የ1965ቱ ረሃብ ወሎን ሲፈጅ ሰው ከቀዬው ነቅሎ የመኪና መንገድ ዳር ወጣ፤ መኪና ባለበት እህል ይኖራል ብሎ። በ1977 ዓ.ም. የባሰው መጣ። ባቲ ላይ፣ በዚያው በአሰብ መንገድ ዳር፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመጠለያ ሰፈረ። ደጋው በብርድ፣ ቆላው በበሽታ ሰውን ይቀጥፈው ነበር። ዓለም ሰምቶ እህል ላከ፤ መርከቦቹም በየመብራቱ እያለፉ አሰብ ደረሱ። እዚያ ግን ነገሩ ተቋጠረ። ወደቡ በቀን የሚያራግፈው ውስን ነው፤ የጦር ዕቃና ማዳበሪያ ከእህሉ ጋር ይሻማል፤ ከሁሉም በላይ የሚያነሳ መኪና የለም። መኪናው በጦር ግንባር ተይዟል፣ ያረጀውም ጎማና መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል። እህሉ ወደቡ ላይ ተቆለለ። ከዚያ ክምር እስከ ባቲ መጠለያ ያለው አንድ መንገድ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የአንድ ቀን ተኩል ጉዞ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። በኋላ የዓለም የምግብ ፕሮግራም የራሱን የጭነት መኪኖች አስመጥቶ ሲያሰማራና የኮምቦልቻ መጋዘኖች ሲሞሉ ብዙ ሕይወት ተረፈ። ሠርቶ ማደር የለመደው ሾፌርና ረዳትም በዚያ ዓመት ሌት ተቀን ሳይተኛ ነዳ፤ ይህ ተነግሮ አያልቅም።

በ1980 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ብሔራዊ ሸንጎ አሰብን ከኤርትራ ለይቶ ራስ ገዝ አደረጋት። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ለኢትዮጵያ የቀረላት ብቸኛ ወደብ አሰብ ሆነች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በኢሕአዴግ ተያዙ፤ ከቀናት በኋላ አሰብም ወደቀች። ከተረፉት የባሕር ኃይሉ መርከቦች ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃነቷን ስታውጅ ድንበሩ ቡሬ ላይ ሆነ። ንግዱ ግን አልቆመም፤ የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው ያን ጊዜም በአሰብ ይመጣ ነበር። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። የአሰብ መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘጋ። ለ60 ዓመት የተመላለሰው መኪና ቡሬ ላይ ቆመ፤ አሰብ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ጥለው ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ወደ ወሎ ተመለሱ። አሰብ ተወልደው፣ አሰብ ነግደው ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ኑሮን ከዜሮ የጀመሩት ሰዎች ታሪክ ገና በወጉ አልተጻፈም፤ ባለታሪኮቹ በሕይወት ሳሉ ሊጻፍ ይገባል።

መንገዱ በተዘጋ በአምስተኛው ወር፣ መስከረም 29 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ሎዛን ላይ ሳይወሰን የቀረው የመብራቶቹ ጉዳይ ፍርድ አገኘ። ኤርትራና የመን በሐኒሽ ደሴቶች ተጋጭተው ወደ ግልግል ዳኞች ሄደው ነበር። ዳኞቹ ሐኒሽን፣ ዙቀርን፣ ዙበይርንና ጀበል አል ጠይርን ለየመን፣ ወደ አፍሪካ ጠረፍ የቀረቡትን ትንንሽ ደሴቶች ለኤርትራ ሰጡ። የፍርዱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ባሕር መብራቶቹ ነው። ዳኞቹ መብራት ማቆምና መጠበቅ ለመርከብ ደኅንነት የሚደረግ ነገር ስለሆነ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም አሉ። ይሁን እንጂ የመን ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ መብራቶቹን ተረክባ አዳዲስ ማቆሟን ከደሴቶቹ ላይ ስለመኖሯ ምልክት አድርገው ቆጠሩላት። ጀበል አል ጠይር በመስከረም 2000 ዓ.ም. እሳተ ገሞራው ፈንድቶ እዚያ የነበሩ የየመን ወታደሮችን ገድሏል።

ኮምቦልቻ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። የአሰብ መንገድ ግማሹ አልሞተም፤ ከጅቡቲ በጋላፊ የሚገባው ጭነት ሚሌ ላይ ይታጠፍና በባቲ በኩል በዚያው በጥንቱ ዳገት ይወጣል። ኮንቴይነሩ የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ኮምቦልቻ ላይ ተሠራ። ሐምሌ 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከአዋሽ ኮምቦልቻን አቋርጦ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ የቱርኩ ያፒ መርኬዚ በ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዘረጋ፤ ዋሻው ተፈልፍሎ፣ ድልድዩ ተሠርቶ የቀረው የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ተገናኝተው ድንበሩን ሲከፍቱ የድሮ ሾፌሮች ልብ ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ ሲመለሱ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ሆስፒታሉ ተዘርፎና ተሰባብሮ ተገኘ፤ ባቡሩም ከጉዳቱ አላመለጠም።

ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የየመን ሁቲዎች በደቡብ ቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ መተኮስ ጀመሩ። ሩቢማር የተባለችው መርከብ ከ20,000 ቶን በላይ ማዳበሪያ እንደጫነች ተመታ በየካቲት ወር ሰጠመች። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች እንደ ሱዌዝ መዘጋት ዘመን አፍሪካን መዞር መረጡ፤ የሚደፍሩትም ኢንሹራንሱን ብዙ እጥፍ ከፈሉ። ያ ጭማሪ ጅቡቲ ላይ ይታሰባል፣ ሚሌ ላይ ከነዳጁ ጋር ይደመራል፣ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ በደረሰኝ ይወጣል፣ ሐረጎን ወጥቶም ደሴ ሱቅ ውስጥ ዘይቱና ብረቱ ላይ ይለጠፋል።